በአመዳይ መንገድና በጐርፍ መንገድ ወደ ተማሪ ቤት የሚሄድ አስተማሪ

ለገጠር ተማሪ ቤቶች አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

የተማሪ ቤት ሥራ አስተማሪው ከቤቱ ደጃፍ እግሩን ካነሣበት ሰዓት ይጀምራል። መንገዱ የተዘጋበት አስተማሪ ዕውቀቱ ምንም ቢበዛ ለተማሪው አይደርስለትም፤ መንገዱ የተዘጋበትም ተማሪ አእምሮው ምንም ቢነቃ ከሰሌዳው ፊት አይገኝም። ስለዚህ ለትምህርት የሚያስብ ሕዝብ ስለ መጽሐፍና ስለ ወንበር እንደሚጨነቅ ሁሉ ስለ መንገድና ስለ ወራትም ሊጨነቅ ይገባዋል።

መንገድን የሚዘጋው ነገር በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። በፎገራ ሜዳ መንገድን የሚዘጋው የክረምት ጐርፍና ጭቃ ነው። በሩቅ ምሥራቅ በምትገኘው በኮርያ ግን እኛ በጋ በምንልበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር የሚወርደው አመዳይ ነው። በዚህ ትምህርት አስቀድመን አንድ እንግዳ አስተማሪ በኮርያ በአመዳይ ላይ እየሄደ እንዴት እንደሚያስተምር እናያለን፤ ቀጥለንም ከዚያች አገር የመጡ እንግዶች በፎገራ ሜዳ ምን እንዳስተማሩ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ከሁለቱ ለራሳችን ተማሪ ቤት የሚጠቅመንን እንለቅማለን።

፩ አመዳይ ምንድር ነው?

ውሃ በብርድ ሲረጋ ለሚለብሰው መልክ በአማርኛችን ሦስት ስም አለን። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሲበርድ በሣርና በቡቃያ ላይ ነጥቶ የሚያድረው ውርጭ ይባላል። በነጐድጓድ ጊዜ እንደ ጠጠር የሚወርደው በረዶ ይባላል። እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ ያለ ድምፅ የሚወርደው ደግሞ አመዳይ ነው። ምንም እንኳ ብዙ ሰው ይህንንም በረዶ ብሎ ቢጠራው፣ መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ ያነበበ ሁሉ አመዳይ የሚለውን ቃል ያውቀዋልና በዚህ ጽሑፍ በስሙ እንለየዋለን።

ውሃ የሚረጋው ብርዱ 0 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በደመና ውስጥ ብርዱ ከዚያ በታች ሲወርድ እንፋሎቱ በደቃቅ ትቢያ ዙሪያ እየረጋ ስድስት ማዕዘን ያለው ረቂቅ ጌጥ ይሆናል፤ እነዚህም ብዙ ሆነው ሲያያዙ አመዳይ ሆነው ይወርዳሉ። በረዶ ግን ብርቱ ነፋስ ባለበት በነጐድጓድ ደመና ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንገላታ፣ ልብስ በልብስ ላይ እንደሚደርብ ሰው እየተደራረበ የሚያድግ የረጋ ውሃ ነው።

አዲስ አመዳይ በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል፤ ስለዚህ ዐሥር ጣት ያህል ከፍታ ያለው ሲቀልጥ የሚገኘው ውሃ አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው። እግር ሲረግጠው ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀውም ቀን ጥቂት ቀልጦ ሌሊት ዳግመኛ ሲረጋ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያንሸራትታል። የአስተማሪን መንገድ ይልቁንም የሚያስቸግረው ይህ ነው። በእኛም አገር በስሜን ተራሮች፣ ቁመቱ ከ4,500 ሜትር በሚበልጠው በራስ ዳሽን አካባቢ አመዳይ አልፎ አልፎ ይታያል። የፎገራ ሰው ግን ጉና በረዶ ለብሶ ሲነጣ ከሩቅ ከማየት በቀር በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መሄድን አያውቅም።

፪ በኮርያ የእንግዳ አስተማሪ መንገድና የትምህርት ቀን

ኮርያ ከእስያ በስተ ምሥራቅ ወደ ባሕር ገብታ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት መንግሥት የተከፈለች ስትሆን፣ አንዱ ደቡብ ኮርያ፣ ሁለተኛው ሰሜን ኮርያ ይባላል። የደቡቡ ዋና ከተማ ሶል ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ37 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች፤ ወረታ ግን በ12 ዲግሪ ገደማ ናት። በዚህ ምክንያት በክረምታቸው ፀሐይ ዝቅ ብላ በስላች ታያቸዋለች፤ ቀኑም ያጥራል። ከሳይቤርያ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ሲጨመርበት ብርዱ እጅግ ይበረታል፤ በጥር ወር የሶል አማካይ ሙቀት ከ0 ዲግሪ በታች ነው።

የደቡብ ኮርያ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. (1995 እ.ኤ.አ.) እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የውጭ አገር ሰዎችን በመንግሥት ተማሪ ቤቶች የሚመድብበትን ሥርዓት አቆመ። እነዚህም አስተማሪዎች እንግሊዝኛ ከሚነገርባቸው አገሮች፣ ከእነዚያም መካከል ከደቡብ አፍሪካ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ በከተማ፣ አንዳንዶቹ በተራራ መካከል ባሉ መንደሮች ይመደባሉ፤ የገጠሩም አስተማሪ ብዙ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንዱ ተማሪ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ያስተምራል።

እንግዲህ ከሞቃት አገር የመጣ አንድ አስተማሪ በታኅሣሥ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ገና ድንግዝግዝ ነው። ትናንት የሚያውቀው መንገድ ዛሬ ነጭ ሆኖ ቦዩና ጥርጊያው አይለይም። የአገሩ ሰው የሚሄድበትን አካሄድ አይቶ እርሱም እጁን ከኪሱ ያወጣል፤ እርምጃውን ያሳጥራል፤ እግሩን በሙሉ እያሳረፈ ይሄዳል። አውቶቡሱ በዝግታ ስለሚነዳ ቀድሞ መነሣት ይገባዋል። አካሄዱን ከመንደሩ ሽማግሌና ከትንሽ ተማሪ ሳይማር የቀረ እንግዳ፣ ተማሪ ቤት ከመድረሱ በፊት ይወድቃል።

መንገዱን የሚጠርገው ማን ነው? ዋናውን ጐዳና መንግሥት ጨውና አሸዋ እያስበተነ ያስጠርጋል። ጨው የሚበተነው ጨው የገባበት ውሃ በ0 ዲግሪ ስለማይረጋ ነው። በየቤቱ ደጃፍና በየቤቱ ፊት ባለው የእግር መንገድ የወደቀውን አመዳይ ግን የቤቱ ባለቤት ወይም ነዋሪው እንዲጠርግ በአገሩ ሕግ ታዝዟል። ስለዚህ የአንድ አስተማሪ መንገድ የሚከፈተው ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው በደጃፋቸው በሚሠሩት ጥቂት ሥራ ነው።

አስተማሪው ሲደርስ የውጭውን ጫማ አውልቆ የቤት ጫማ ያደርጋል፤ ተማሪዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ጭቃና አመዳይ ወደ ትምህርት ክፍል አይገባም። ሰላምታ ራስን ዝቅ አድርጎ እጅ በመንሣት ነው። የትምህርቱ ጊዜ በአንደኛ ደረጃ 40፣ በመካከለኛው 45፣ በሁለተኛ ደረጃ 50 ደቂቃ ነው። እንግዳው አስተማሪ ብዙውን ጊዜ ለብቻው አይቆምም፤ የአገሩ ተወላጅ የሆነ አስተማሪ አብሮት ቆሞ ያልገባውን ለተማሪው ያስረዳል፤ የተማሪውንም ጠባይ ለእንግዳው ይነግረዋል። በምሳ ሰዓት አስተማሪና ተማሪ በዚያው በተማሪ ቤት ሩዝና ሾርባ፣ ቅመም የገባበትም ጎመን ይበላሉ። ክፍሉን የሚጠርጉትና ሰሌዳውን የሚያጠፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በኮርያ ቋንቋ አስተማሪ «ሶንሴንግኒም» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ቀድመው የተወለዱ» እንደ ማለት ነው። የእኛ ተማሪ ፊደል ያስቆጠረውን መምህር «የኔታ»፣ ይኸውም «የእኔ ጌታ» ይላል። ሁለቱም ሕዝብ አስተማሪን በአክብሮት ስም መጥራትን ከጥንት ይዞታል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኮርያዎች የትምህርት ዓመታቸውን የሚጀምሩት ብርዱ ሲለዝብ፣ በእኛ አቈጣጠር በየካቲት ማብቂያ ግድም ነው። ረጅሙ የክረምት ዕረፍታቸው ብርዱ እጅግ በሚበረታበት ወራት ይውላል። ልብስ በሰውነት ልክ እንደሚሰፋ፣ የትምህርት ዘመናቸውን በአገራቸው ወራት ልክ ሰፍተውታል።

፫ ያንን አመዳይ ያዩ ኢትዮጵያውያን

ይህ አመዳይ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ወር ማብቂያ ፑሳን ከተባለው የኮርያ ወደብ ደረሰ። በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ከደቡብ ኮርያ ጋር ቆሞ ተዋጋ። እየተተኩ ከሄዱት ጋር የዘማቾቹ ቍጥር ከ6,000 በላይ ነበረ፤ ከ120 የሚበልጡትም ሞቱ። ጦርነቱ በተኩስ ማቆም ውል የተገታው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው።

ወታደሮቻችን በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን ባዩ ጊዜ ዶንግዱቾን በተባለ ከተማ ቦህዋ የተባለውን የሙት ልጆች ቤት በ1945 ዓ.ም. ገደማ አቋቋሙ፤ ከራሳቸውም እያካፈሉ ልጆቹን አሳደጉ። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኮርያን ሲጎበኙ ቹንቾን በተባለች ከተማ ለዘማቾቹ የቆመው የመታሰቢያ ሐውልት ተመርቋል። በሰው አገር እንግዳ ሆኖ ለልጅ ማሰብ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

፬ የፎገራ መንገድ

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው፤ ወረታም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጐዳና ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ስፍራ ትገኛለች። ርብና ጉማራ የተባሉት ሁለቱ ወንዞች ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ይነሣሉ። የጣና ውሃ ገጽ ከባሕር ወለል 1,785 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እንግዲህ ከተራራው ራስ እስከ ሐይቁ ከ2,200 ሜትር በላይ ቍልቍለት አለ ማለት ነው። በተራራው ላይ እየተጣደፈ የመጣ ወንዝ ከሜዳው ሲደርስ መውረጃው ስለሚጠፋ ከአፋፉ እየወጣ ይተኛል፤ ከጉና ያጠበውንም አፈር በዚያ ያራግፋል። ሜዳው ለም የሆነው በዚህ ነው፤ መንገዱም የሚዘጋው በዚሁ ነው።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ሲርስ ያብጥና ጫማን ከእግር ይነጥቃል። ትምህርት በመስከረም ሲከፈት ዝናቡ ቢቀንስም ውሃው ከሜዳው ገና አልተነሣም። እንደ ናበጋና እንደ ዋገጠራ ባሉ ለሐይቁ በቀረቡ ቀበሌዎች ሰው በክረምት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይሻገራል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የወረደው ጐርፍ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ እንዳፈናቀለ የአገሩ ሽማግሎች ያስታውሱታል።

የኮርያው አስተማሪ በነጭ መንገድ ላይ ቦዩን ከጥርጊያው መለየት እንደሚቸግረው፣ ከደጋ ተመድቦ ወደ ፎገራ የመጣ ወጣት አስተማሪም ውሃ በለበሰ ሜዳ ላይ ጉድጓዱን ከመንገዱ መለየት ይቸግረዋል። ቋንቋው አማርኛ ቢሆንም በዚህ ሜዳ እርሱም እንግዳ ነው።

፭ ከኮርያ ወደ ፎገራ የመጡ አስተማሪዎች

እንግዳ አስተማሪ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት ያስተማሩት ከግብጽ የመጡ መምህራን ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያም ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። ወደ ፎገራ ግን ሰሌዳና ጠመኔ ሳይዙ፣ ዘር ይዘው የመጡ አስተማሪዎች ነበሩ።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት የሩዝን አዝመራ አስተማሩ። የታሪክን ነገር አስተውሉ፤ ወታደሮቻችን ከሰሜኑ ጦር ጋር በአመዳይ ላይ ከተዋጉ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ገበሬዎቻችን ከሰሜኑ ሰዎች በጭቃ ላይ ቆመው ትምህርት ተቀበሉ።

ሩዝ ለዚህ ሜዳ የተስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙው እህል ውሃ ሲተኛበት ሥሩ አየር አጥቶ ይሞታል። ሩዝ ግን ከቅጠሉ እስከ ሥሩ አየር የሚያወርድ ቀጭን ቧንቧ በውስጡ ስላለው በውሃ ላይ ይቆማል። የዱር ሩዝም በሜዳው ረግረግ ይበቅል ነበረ። ከዘሮቹ መካከል ኤክስ-ጅግና የተባለው ከጅግና ቀበሌ ስሙን ያገኘ ሲሆን ብርድን ይታገሣል፤ ይህም 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በዚህ ሜዳ ትልቅ ጥቅም ነው።

ማኅበራቱ ከፈረሱ በኋላ ትምህርቱ አልፈረሰም። ገበሬ ለገበሬ ዘር እየሰጠና እየሸጠ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ እያየ ሩዝ ሜዳውን አዳረሰው። ደግሞም ገበሬው የተማረውን በራሱ ማስተዋል አረመው፤ ችግኝ ከመትከል ይልቅ ብዙው ሰው ዘሩን በእጁ መበተንን መረጠ፤ ከሩዙም በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባው ለከብት ይሰጣል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል። እንግዳው አስተማሪ ከሄደ በኋላ ተማሪው አስተማሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ትምህርቱ ደረሰ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

፮ ሩዝ የሰጠንና ሩዝ የሚጠይቀን

ዳሩ ግን ማናቸውም ጥቅም ዋጋ ይጠይቃል። የፎገራ ላም ይሰማራበት የነበረው ሰፊ መስክ በብዛት ማሳ ሆነ። ከዚህም የሚበልጠው ዋጋ የሚከፈለው በተማሪ ቤት ነው። ሩዝ በሰኔ ይዘራል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይታረማል፤ በጥቅምት ፍሬው ሲያሸት ወፍ ይጠበቅለታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ይወቃል። የአረሙ ማብቂያ፣ የወፍ ጥበቃውና የአጨዳው ወራት ሁሉ ተማሪ ቤት ክፍት በሆነበት ጊዜ ይውላል። ስለዚህ በማሳው መካከል በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የተቀመጠው ሕፃን፣ በዚያው ሰዓት ስሙ በተማሪ ቤት ይጠራል፤ «አቤት» የሚል ግን አይኖርም። በመስከረም በውሃ፣ በጥቅምት በወፍ፣ በኅዳር በአጨዳ የቀረ ልጅ በጥር ቢመለስ ጓደኞቹ ርቀውት ያገኛቸዋል፤ አፍሮም ፈጽሞ ይቀራል። የዚህ ልጅ መጥፋት ከአንድ ዓመት አዝመራ መጥፋት ይከብዳል።

ይህን ለማቃናት ከኮርያው መንገድ የምንወስደው አምስት ነገር አለ።

አንደኛ፤ አስተማሪው በስም መጥሪያ መዝገቡ የቀረውን ተማሪ ከመጻፍ አልፎ የቀረበትን ምክንያት፣ ውሃ፣ አረም፣ ወፍ፣ አጨዳ፣ ሕመም እያለ ይለየው። በየወሩ ሲደመር ተማሪ ቤቱን የሚያራቍተው ነገር የትኛው እንደ ሆነ ይታወቃል።

ሁለተኛ፤ በኮርያ እያንዳንዱ ሰው የደጃፉን አመዳይ እንደሚጠርግ፣ በእኛም ዘንድ የአገር ሽማግሎች በነሐሴ ማብቂያና በጳጉሜን ደቦ ጠርተው የተማሪ ቤቱን መንገድ ያብጁ። በጭቃው ላይ ድንጋይ ይደልደል፤ በቦዩ ላይ ጠንካራ እንጨት ይጋደም፤ ጥልቅ ስፍራ ባለበት ምልክት የሚሆን እንጨት ይተከል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈሳሽ ውሃ ጐልማሳን ሊጥል ይችላልና፣ ወንዝ በሞላ ቀን ማንም ልጅ ብቻውን እንዲሻገር አይፈቀድለት፤ አንድ ቀን መቅረት ከውሃ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ የወፍ ጥበቃው በወንፈል ይሁን። ማሳቸው የተያያዘ አባወራዎችና እማወራዎች በትምህርት ሰዓት ተራ ገብተው የሁሉንም ማሳ ቢጠብቁ፣ በየማማው አንድ አንድ ልጅ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

አራተኛ፤ ትምህርት ያመለጣቸው ልጆች መንገዱ በደረቀበትና አዝመራው በገባበት በጥርና በየካቲት ተጨማሪ ጊዜ እንዲያገኙ፣ አስተማሪው ከወላጆችና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ይምከር።

አምስተኛ፤ ከሌላ አገር የመጣውን አስተማሪ የመንደሩ ሰው ብቻውን አይተወው። በኮርያ ተወላጁ አስተማሪ ከእንግዳው ጎን እንደሚቆም፣ ከሽማግሎች አንዱ ወይም ቀድሞ የተመደበ አስተማሪ መሻገሪያውን፣ የቦዩን ስምና የሕዝቡን ልማድ ያስተምረው። አስተማሪውም ከገበሬው መማርን አይናቅ፤ ከተማሪዎቹ አባቶች የተማረ አስተማሪ ከሰሌዳው ፊት ሲቆም ምሳሌ አያጣምና።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. በውርጭ፣ በበረዶና በአመዳይ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
2. አዲስ የወረደ አመዳይ 30 ጣት ከፍታ ቢኖረው፣ ሲቀልጥ ስንት ጣት ያህል ውሃ ይሆናል?
3. ርብና ጉማራ ከሜዳው ሲደርሱ ከአፋፋቸው የሚወጡት ለምንድር ነው?
4. ሩዝ ውሃ በተኛበት ማሳ ሳይሞት የሚቆመው በምን ምክንያት ነው?
5. ከቤትህ ወይም ከቤትሽ እስከ ተማሪ ቤት ያለውን መንገድ በወረቀት ላይ ሳሉ፤ በመስከረም ውሃ የሚተኛበትንም ስፍራ አመልክቱ። ሥዕሉን ለወላጆቻችሁ አሳይታችሁ የትኛው ስፍራ አስቀድሞ ሊበጅ እንደሚገባ ጠይቁ።